ለወዳጄ፦ ስለ መጻሕፍቱ መፈለጊያ

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴን በቅሬታ እንደማታይብኝ ተስፋ አደርጋለሁ። አሁን ናፍቆትህም፣ ያለ አንተ ዳኝነት የማይቋጭ ሥራ መያዜም አንድ ላይ ብዕር አስነሥተውኛል።

የአማርኛ መጻሕፍት በዳታቤዝ ለተመዘገቡበት አንድ ድረ ገጽ መፈለጊያ እየሠራሁ ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር የራሱ የሆነ የሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ አለው፤ ነገር ግን ካላስተካከሉት በቀር ከ3 ፊደል ያነሰ ቃል በማውጫው ስለማያስገባ «ቤት» እና «ሰው» የመሳሰሉት ተፈልገው አይገኙም። ይህስ በቀላሉ ይስተካከላል፤ የሚያስቸግሩት ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ግን የተለያየው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ብንወስድ፣ የመጀመሪያው ፊደል በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ፣ «ሥ» እና «ሴ» ደግሞ እያንዳንዳቸው በሁለት ዓይነት ሊጻፉ ስለሚችሉ፣ የቃላቱ መነጣጠልና መገጣጠም ሲታከልበት 48 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣል፤ ዳታቤዙም እያንዳንዱን ፊደል በዩኒኮድ ቁጥሩ፣ ማለትም በኮምፒዩተር በተሰጠው መለያ ቁጥር ብቻ ስለሚያውቀው 48 የተለያዩ ስሞች አድርጎ ያያቸዋል።

ስለዚህ ከርእሱ ዓምድ አጠገብ ሌላ ዓምድ ከፍቼ፣ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ አጠቃልዬ፣ ሥርዓተ ነጥቡንና ክፍት ቦታውን አስወግጄ አስቀመጥሁ፤ አንባቢ የሚጽፈውም ቃል በዚያው ወንፊት ያልፋል። አንተ «ሠ» ያለ ቦታዋ ገብታ ስታይ እንቅልፍ የሚነሣህ ሰው ነህና አትቆጣ፤ በገጹ ላይ የሚታየው ጸሐፊው የጻፈው እንጂ የእኔ ዓምድ አይደለም። የተጻፈው ቃል ዳታቤዙ በሚታዘዝበት ቋንቋ በኤስኪውኤል ከተጻፈው ትእዛዝ ተለይቶ ስለሚተላለፍ፣ ተንኰለኛ በመፈለጊያው ሣጥን ገብቶ ዳታቤዙን ሊያዝዝበት አይችልም።

ቀጥሎ የመጣው «የ»፣ «በ»፣ «ለ» እና «ከ» ከቃል ራስ ላይ መለጠፋቸው ነው። ቆርጦ መጣል ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን «በሬ» ተቆርጦ «ሬ» ይሆናል። ቃልን፣ በዳርና ዳሩ ያለውን ክፍት ቦታም እንደ ፊደል ቆጥሮ፣ በሦስት ሦስት ፊደል ከፍሎ የሚያነጻጽር መሣሪያ ስላለው ወደ ሌላ ዳታቤዝ፣ ወደ ፖስትግሬስኪውኤል ተዛወርሁ። መሣሪያው «ታሪክ» እና «የታሪክ» በድምሩ ከሚሰጡት 7 የተለያዩ ቁራጮች የጋራ ሆነው የሚያገኛቸው 2 ብቻ ስለሆኑ ተመሳሳይነታቸው 0.29 ገደማ ይመጣል፤ ተመሳሳይ ተብሎ ለመቆጠር የተለመደው ወሰን ደግሞ 0.3 ነውና ለጥቂት ያመልጣሉ። እያንዳንዱ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢ አብሮ ስለሚይዝ ቃላታችን አጫጭር ናቸው፤ ወሰኑ ግን ይህን ታሳቢ አላደረገም። ወደ 0.25 ዝቅ አድርጌዋለሁ።

አሁን አንተን የምፈልግበት ጉዳይ አለ። በግእዙ «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥለው ነው፤ «ሰአሊ» ደግሞ «ለምኝ» ማለት ነው፤ በእኔ ዓምድ ግን አንድ ሆነዋል። ለጊዜው ፊደሉ በትክክል የገጠመው ርእስ አስቀድሞ እንዲወጣ አድርጌያለሁ፤ ለጸሎት መጻሕፍቱ ግን ይህ የሚበቃ አይመስለኝም። በሞክሼ ብቻ የሚለያዩ፣ በርእስም የሚገኙ ቃላትን ዘርዝረህ ብትልክልኝ እነርሱን ከማጠቃለሉ አወጣቸዋለሁ።

ለቤተሰቦችህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አክባሪ ወዳጅህ