መለኪያው የማን ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ፌሚኒዝም የጻፉት አስተያየት ሰጪ፣ የሴቶች መብት ተከራካሪዎች «ሴት ከወንድ አትለይም» እና «ሴት የራሷ ተፈጥሮ አላት» በሚሉ ሁለት ጎራዎች ተከፍለው መክረማቸውን ጠቅሰው፣ «እነሱ ሳይስማሙ እኛን ምን ሊያስተምሩን ነው?» ብለዋል። ክፍፍሉ እውነት ነው። መደምደሚያው ግን የችኮላ ነው።

እኔ በሰው ሀብት አስተዳደር ሙያ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። አንድ ጊዜ በቅጥር ኮሚቴ ፊት አንዲት ሴትና አንድ ወንድ እኩል ነጥብ አመጡ። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ እንዲህ ሲሆን ሴቷ ትቅደም ይላል። ከአባላቱ አንዱ «ቀለበት አስራለች፤ ዓመት ሳይሞላት ወሊድ ትወጣለች» አሉ። ሌላው ነገሩን ያለዘቡ መስሏቸው «እኩል ናቸው ካልን ምን ቅድሚያ ያስፈልጋታል?» ሲሉ ጨመሩ። ወንዱ ተቀጠረ። ልዩነቷም እኩልነቷም በአንድ ስብሰባ እሷኑ ለማስቀረት ዋሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ እኔም ፈርሜያለሁ።

አሜሪካዊቷ የሕግ ምሁር ካትሪን ማኪነን የተከራከሩት በዚሁ ላይ ነው። «ሴት ትለያለች ወይስ አትለይም?» ብለን ስንጠይቅ፣ የምትለካው በወንድ መሆኑን ሳንናገረው ወስነናል። ወንድም እኮ ከሴት የሚለየው የዚያኑ ያህል ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን እንመልከት። ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ይሰጣል፤ ለአባት ሦስት ቀን። ማርገዝና መውለድ የሴት ነው፤ ክርክር የለውም። ሌሊት ተነሥቶ ሕፃን ማባበል፣ ሽንት ጨርቅ መቀየር፣ ለክትባት ወረፋ መያዝ ግን በየትኛው ተፈጥሮ የሴት ብቻ ሆነ? ሕጉ ያገኘውን ልዩነት መዝግቦ ብቻ አልተወም፤ አሰፋው። የእናቶች ቀን ይቀነስ ማለቴ አይደለም፤ 90ውም ያንሳል። አባትየውም ሁለት ወር ቤት የሚውል ቢሆን ኖሮ ግን ያ ኮሚቴ የሴቷን ቀለበት ባልቆጠረ ነበር።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሱት ደግሞ በሴቶች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ሌላዋ አሜሪካዊት የሕግ ምሁር ኪምበርሌ ክሬንሾው እ.ኤ.አ. በ1989 ፍርድ ቤቶች ዘርን ለብቻ፣ ፆታን ለብቻ ሲመዝኑ የጥቁር ሴቶች በደል ከመሀል እንደሚጠፋ አሳይተዋል። በእኛም ሀገር እንዲህ ከመሀል የምትጠፋውን ሴት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ፣ ሠራተኛ ሊቀጥርላት ካልቻለ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ያዝ ነበር። በ1992 የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ። እኔና መሰሎቼ ግን ከጓዳ የወጣነው ሥራውን ከባሎቻችን ጋር ተካፍለን ሳይሆን ለሌላ ሴት አስተላልፈን ነው። ያቺ የቤት ሠራተኛ ደግሞ ከዚሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ውጭ ናት።

ሁለተኛ ልጄን ወልጄ ቢሮ ስመለስ ሕፃኑን የያዘችልኝ ልጅ በዓመቱ ራሷ አረገዘች። የወሩን ደመወዝ ከነመሳፈሪያው ሰጥቼ ወደ ሀገሯ ሸኘኋት። ያን ጊዜ ደግነት መስሎኝ ነበር።

አንዲት አንባቢ
ከአዲስ አበባ