ጎንደር አልነበርኩም

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? አራተኛ ፎቅ የደረሰሽ ነገር አሁንም ያንገበግበኛል። ትልቋ ስድስተኛ ክፍል ገባች። ትንሹ ያው ኳሱ ነው፣ ጫማ አልበረክትለት ብሏል።

በስልክ ልነግርሽ ነበር። ግን ስልክ ላይ “በላህ?” ትይኛለሽ፣ “በላሁ” እላለሁ፣ በዚያው ያልቃል።

በ2016 የፒያሳው ቤታችን ሲፈርስ የዕድር ደብተርሽ ከመጻሕፍቴ ጋር ተቀላቅሎ እኔ ጋ ቀርቷል። ገለጥኩት። የሙያ አመል ነው፣ አትቆጪ። በታኅሣሥ 1953 መኳንንቱ በተረሸኑበት በገነተ ልዑል ግቢ ቆሜ ተማሪዎቼን “የተሸፋፈነውን ፈልጉ” እላለሁ። የራሴን ቤት ግን ፈልጌ አላውቅም።

2004ን ታስታውሻለሽ፣ ሆስፒታል የተኛሁበትን። ድባቴ ነው ብለው ነግረውሻል። አንቺ ግን ለሰፈሩ “ጎንደር ለጥናት ሄዷል” አልሽ። ወባ ቢሆን ኖሮ ዕድሩ በሙሉ ሊጠይቀኝ ይመጣ ነበር። ስወጣ የታችኛዋ ጎረቤታችን “ከጎንደር ምን አመጣህልኝ?” አለችኝ። ከመርካቶ ቅቤ ገዝቼ ሰጠኋት። አንቺ አጠገቤ ቆመሽ “የጎንደር ቅቤ እኮ ሽታው ልዩ ነው” አልሽ። ያ ቅቤ እስከ ዛሬ አልወረደልኝም።

እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል መውሰድሽንም አልጠላሁትም። የጠላሁት ሰው እንዳያየን መደበቃችንን ነው።

ይኸው 13 ዓመት፣ በየሐሙሱ፣ 50 ደቂቃ ሐኪሜ ፊት ተቀምጬ አወራለሁ። “ለወሬ ደግሞ ይከፈላል?” ብለሽኝ ነበር። ይከፈላል። አንቺንም ብዙ አምቻለሁ። እሷ የምትጠይቀኝ እኔ ተማሪዎቼን የምጠይቀውን ነው፦ “ይህን በምን አወቅህ?” አንድ ሐሙስ ግን “እነዚያን ሁለት ወራት እናትህ የት ነበረች?” አለችኝ። መልስ አጣሁ። የማስታውሰው ቅቤውን ብቻ ነው።

ደብተሩ ላይ ኅዳር 2004፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ “ቀሪ፣ ቅጣት” ይላል። ታኅሣሥም “ቀሪ፣ ቅጣት”። ዝናብ እየደበደበሽ ዕድር የማትቀሪው ሴትዮ! ያኔ ነው የፔርሙሱ ቀይ ክዳን ትዝ ያለኝ። አጥሚት ነበር። በየቀኑ።

ቂሜ ግን አልወጣልኝም፣ ልዋሽሽ አልፈልግም።

ስለ ውሸት ካነሳን፣ ነሐሴ ላይ ጎንደር አልነበርኩም። እዚሁ አራት ኪሎ ቤቴ መጋረጃ ዘግቼ ተኝቼ ነበር። ድኛለሁ ብዬ መድኃኒቱን በገዛ እጄ አቋርጬ ሕመሙ ተመለሰብኝ። ሐኪሜ እንደገና አስጀመረችኝ፣ እስኪይዘኝ ግን ሳምንታት ፈጀ። አሁን ሥራ ገብቻለሁ። ያኔ ደውለሽ “ጎንደር እንዴት ነው?” ስትይኝ “ዝናብ ነው” አልኩሽ። ዝም አልሽ። ጎንደርን ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ገብቶሽ ነበር፣ አይደል?

እሁድ ደብተሩን ይዤ እመጣለሁ። የግፊት መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ፤ መካሪው እኔ መሆኔ ነው የሚያስቀው። ውሃ ከጠፋ ጀሪካን ይዘሽ ደረጃ እንዳትወጪ። እኔ አወጣዋለሁ።

ልጅሽ