ወረቀቱ በማን ስም ነው?

ሚሚዬ፣

ወንድምሽ ሁሉንም ነገረኝ። ከጥቁር አሜሪካውያን ጓደኞችሽ ጋር ለሰፈሩ ልጆች የከፈታችሁት የቅዳሜ ትምህርት ቤት ሕንፃ አገኘ አሉ። ያውም አንድ ድርጅት በነፃ ሰጥቷችሁ። እናትሽ እልል አለች። እኔ ስገላበጥ አደርኩ። ወረቀቱ በማን ስም ነው?

አውቃለሁ፣ "አባዬ ደግሞ ጀመረው" ትያለሽ። በይ። ግን እዚያው ፊላደልፊያ እየኖርሽ፣ ሎምባርድ ጎዳና ላይ ያለችውን የጥቁሮቹን ማዘር ቤቴል ቤተ ክርስቲያን አይተሻታል? ሪቻርድ አለን ገንዘብ ከፍሎ ራሱን ከባርነት ነፃ ያወጣ ሰው ነው። በፈረንጆቹ 1794 ከፈታት። የፕሮቴስታንት ወገን የሆኑት ነጮቹ ሜቶዲስቶች በ1796 እናግዛችሁ ብለው የማቋቋሚያውን ሰነድ አረቀቁላቸው። እነአለንም ፈረሙ። ሰነዱ ንብረቱን ለነጮቹ አሳልፎ እንደሰጠ የገባቸው ከዓመታት በኋላ ነው። በገዛ ቤታቸው! ነገሩ ጨረታ ድረስ ሄዶ አለን የራሱን ቤተ ክርስቲያን ከ10,000 ዶላር በላይ አውጥቶ መልሶ ገዛት፣ ክርክሩም በ1816 በፍርድ ቤት አለቀላቸው። መሬቱ እስከ ዛሬ የነሱ ነው። ያን ሁሉ ያመጣው ሳያዩ የፈረሙት ወረቀት ነው እኮ።

ይኼን የምለፈልፈው ብልህ ሆኜ አይደለም። አንቺ ሦስተኛ ክፍል እያለሽ ለማኅበራችን ቤት መግዣ በየወሩ 20 ዶላር እናዋጣ ነበር። ትዝ ይልሽ ይሆናል፣ እሁድ እሁድ ሳሎናችን በሰው ይሞላ ነበር። ገንዘብ ያዡ እኔ ነበርኩ። አካውንቱን "ለጊዜው" በአንድ ሰው ስም ከፈትን። አልዋሽም፣ ሰውዬው ሌባ አልነበረም። ድንገት ሞተ። ሚስቱ ስለ ማኅበሩ የምታውቀው ነገር የለም። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ፣ ደብተሩ ኪሴ ውስጥ እያለ፣ እስከ ሳንቲሙ እያወቅኩ ይሉኝታ ያዘኝና ሳልናገር ወጣሁ። በሳምንቱም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲያማ ማን ያንሳው? ማኅበሩ እንዲሁ ሟሸሸ። ማኅተሙ አሁንም ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለ፣ ቀለሙ ደርቋል።

የአያትሽ ዕድር ግን ዳኛው ሲሞት ዳኛውን ቀብሮ በወሩ ስብሰባውን ቀጠለ። ድንኳኑም ድስቱም የዕድሩ ነዋ፣ መዝገቡ ላይ ተጽፏል።

እና እንዳትፈርሚ። ስሙ የማን ነው? ለስንት ዓመት ነው? ጣሪያው ቢያፈስ ማን ያሠራል? ድርጅቱ ነገ ሐሳቡን ቢቀይርስ? ቼካችሁ ላይ ሁለት ፊርማ ይኑር። ያቺ ሕግ የተማረችው ጓደኛሽ ታንብበው፣ ነፃ ነው ብላችሁ አትፈሩ፣ ጠይቁ። ይሉኝታ አይያዝሽ፣ እሱን ከኔ አትውረሺ።

እኮራብሻለሁ የኔ እናት። ፊት ለፊት ስንሆን አልልሽም እንጂ።

ሐሙስ ኦፍ ነኝ፣ ሰነዱን እስከዚያ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ሁሉንም ገጽ፣ የመጨረሻውን ብቻ አይደለም። በወንድምሽ የላክንልሽን ሽሮ አየር በማያስገባ ነገር አድርጊው፣ ዕቃውን ግን እናትሽ ትፈልገዋለች፣ እንዳትጥዪው።

አባትሽ