ኪራዩን ጠይቂ

ይድረስ ለውድ ልጄ ለትርሲት፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስለ ድሮዎቹ የእንግሊዝ የድሆች ሰፈሮች መፍረስ ጽፈሽ የላክሽውን ረቂቅ ሁለቴ አነበብኩት። ኮራሁብሽ፤ አራተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን ተናደድኩ። «የተጎሳቆሉት ቤቶች ፈርሰው ሕዝቡ አዲስ ቤት ሲገባ ጤናው ተሻሻለ» ብለሻል። ማን ነገረሽ? ኪራዩን ጠይቂ እንጂ!

የዚያን ዘመን የእንግሊዝ የቤቶች ጤና ተቆጣጣሪ ሥራውን ያውቅ ነበር፤ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። የፍሳሽ መስመሩን በጭስ ሲፈትሽ ሲፎኖቹን ሁሉ (ውሃ ቋጥረው ሽታ የሚከለክሉትን የቧንቧ እጥፋቶች) ውሃ ይሞላል፣ የታችኛውን ጫፍ ይደፍናል፣ ከዚያ በማሽን ጭስ ይነፋል። ጭሱ በጣሪያው የአየር ማስወጫ ብቅ ሲል እሱንም ዘግቶ ቤት ውስጥ ስንጥቁን ይፈልጋል። ሲፎኑ ደርቆ ከነበረ ወይም ግፊት ከበዛ ጭሱ በዚያ ሾልኮ ደህናውን ቧንቧ ያስወቅሳል። ፍተሻው በጭስ ፋንታ በናና ዘይት ሽታ ከሆነ ደግሞ ዘይቱን ያፈሰሰው ሰው እዚያው ውጭ ይቀራል፤ ልብሱ ሸትቶ ፍተሻውን እንዳያበላሽ። (ይቺን አስገቢያት፣ ታምራለች።)

አንድ ቤት ስንት ሰው ቢይዝ ተጨናነቀ እንደሚባል የሚወስነውን የእ.ኤ.አ. 1935ቱን የእንግሊዝ ሕግ ስሌት ተሳስተሻል፤ አስተካክይ። ዓመት ያልሞላው አይቆጠርም፣ ከዚያ እስከ 10 ዓመት ግማሽ ሰው ነው። ሦስት ክፍል 5 ሰው ይይዛል፤ ሳሎኑም እንደ መኝታ ይቆጠራል። እናትና አባት፣ የ14፣ የ8 እና የ5 ዓመት ልጆች፣ የ8 ወር ሕፃን፦ ስድስት ነፍስ፣ በሕጉ ግን 4! የእያንዳንዱን ክፍል ወለል ስፋትም ለኪ፤ 110 ካሬ ጫማና በላይ 2 ሰው፣ ከ50 በታች ምንም። ከሁለቱ ስሌቶች የሚጸናው ያነሰው ነው። ኪራይ ግን በየትኛውም ስሌት ውስጥ የለም።

የእንግሊዟን ከተማ ስቶክተን ኦን ቲስን እንዴት ዘለልሻት? እ.ኤ.አ. በ1927 ከአሮጌ ሰፈር 152 ቤተሰቦች፣ 710 ሰዎች፣ ማውንት ፕሌዛንት ወደሚባል አዲስ ሰፈር ተዛወሩ። መታጠቢያ አለው፣ መጸዳጃ አለው፣ አየር የሚገባው የምግብ ማስቀመጫ አለው። የከተማዋ የጤና ኃላፊ ዶክተር ማክጎኒግል ከዝውውሩ በፊትና በኋላ ያሉትን አምስት አምስት ዓመታት ሲያነጻጽር አዲሱ ሰፈር ውስጥ ሞት ጨምሯል። አሮጌው ቤት በቀሩት ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር አላየም። ወረርሽኝ ይሆን አለ፣ የፍሳሹ መስመር ይሆን አለ፤ አንዱም አልሆነም። ኪራዩ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። አብዛኛው አባወራ ሥራ አጥ ነው፤ ኪራይ አይቀነስም፣ የሚቀነሰው ከልጆቹ ሳህን ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ1936 አሳተመው።

እኔም በተቆጣጣሪነት ሥራ ዘመኔ ሽንት ቤቱን እንጂ ኪራዩን የጠየቅኩበትን ቤት አላስታውስም። ይቆጨኛል። አንቺ ጠይቂ።

አክስትሽ እሑድ ትመጣለች፤ ሽሮና በርበሬ ይዛልሻለች። ሳሉ ካልለቀቀሽ ሐኪም ይይሽ፣ እርጥብ ልብስ መኝታ ቤት አታስጪ። የአንቺስ ኪራይ ስንት ገባ፣ የኔ እናት? ከፍለሽ ለምግብ የሚተርፍሽን ጻፊልኝ፤ ለእናትሽ የምትነግሪያትን ሳይሆን እውነተኛውን።

አባትሽ