እማዬ፣ ስለ ኩላሊትሽ ውጤት

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

ትናንት በስልክ «ኩላሊቴ አለቀ» ስትይኝ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የላክሽልኝን የላብራቶሪ ወረቀት ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። በእስክሪብቶ የከበብሽው ክሬቲኒንን፣ ኩላሊት ከደም የሚያጣራውን ቆሻሻ፣ ብቻ ነው። ከሱ ዝቅ ብሎ ግን ቲኤስኤች አለ፤ እሱም በጣም ከፍ ብሏል። ለእኔ ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው።

ቲኤስኤች ከጭንቅላት አንገት ላይ ወዳለው ታይሮይድ ዕጢ የሚላክ ትእዛዝ ነው። ከፍ ያለው ታይሮይድሽ ስለደከመና ትእዛዙ ስለተደጋገመ ነው። ታይሮይድ ሲደክም ልብም ይዝላል፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ያኔ ኩላሊት የሚያጣራው ያንሳል፣ ክሬቲኒን ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ክሬቲኒን የሚመጣው ደግሞ ከጡንቻ ነው፤ ጡንቻም በዚሁ በሽታ ይጎዳል። ደረጃ ስትወጪ ጭንሽን የሚይዝሽ ሕመም ከዚህ ሊሆን ይችላል። በጠራራ ፀሐይ ሹራብ መደረብሽ፣ ጠዋት ጠዋት የዓይንሽ ቆብ ማበጡስ? እርጅና ነው ብዬ ማለፌ አሁን ያንገበግበኛል።

በታይሮይድ ሰበብ የጨመረ ክሬቲኒን፣ ሕክምናው ሲጀመር በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ይወርዳል። ኩላሊትሽ ምንም የለበትም ብዬ አልምልልሽም። የሽንት ፕሮቲንም ይታይልሽ፣ ግፊትሽም ይለካ። ግን ታይሮይዱ ሳይስተካከል በዚህ ቁጥር ብቻ ተስፋ አትቁረጪ። ሲስታቲን ሲ የሚባል ሌላ የኩላሊት ምርመራ ከታዘዘልሽ እሱንም ታይሮይድ ያዛባዋል፤ ዝቅ ብሎ ኩላሊትን ከእውነቱ የተሻለ ያስመስላል። ስለዚህ ታይሮይድሽ እንደደከመ ለሐኪሙ አስታውሺው።

የታይሮይድ መድኃኒትሽን፣ ሌቮታይሮክሲኗን፣ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ ዋጫት። ቁርስም ቡናም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆይ። የካልሲየም ኪኒንሽን ደግሞ በ4 ሰዓት ልዩነት አርቂያት፤ አብረሽ ከወሰድሻቸው መድኃኒቱ በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም። መጠኑ ትንሽ ነው ብለሽ እንዳትጨምሪ። በእድሜ ለገፋ ሰው ልብ እንዳይጨነቅ በትንሹ ነው የሚጀመረው። ለጉልበትሽ የምትወስጂውን ኢቡፕሮፌንም ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው፣ ኩላሊትን ይጎዳል።

ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ቲኤስኤችና ክሬቲኒን አንድ ላይ ይለካሉ። የዚያን ቀን ሥራ አልገባም፣ አብሬሽ እሄዳለሁ። ይህን ወረቀት እንዳትጥዪው፣ ከአዲሱ ጋር እናስተያየዋለን።

ልጅሽ