ከቀለሙ በፊት ጣሪያውን፦ ስለ አሮጌ የመኪና ቤቶች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

አሮጌ ሚኒባስ ወይም ኮምቢ (የድሮውን ቮልስዋገን) ገዝቶ ውስጡን አልጋና ማድቤት ማድረግ፣ ማለትም የመኪና ቤት መሥራት፣ የሚያምረው ሰው ጅማም ውስጥ አልጠፋም። ቁጥሩ ብዙ ባይሆንም የሚሠራው ስሕተት ግን ተመሳሳይ ነው፤ ገንዘቡን የሚጀምረው ከሚታየው ነገር ነው። ቀለም፣ የሶፋ ጨርቅ፣ ባለ ብዙ ቀለም መብራት፣ ትልቅ ቴፕ። ክረምት ሲገባ ጣሪያው ያንጠባጥባል፣ ኮምፔርሳቶው ያብጣል፣ ፍራሹ ይሻግታል፤ ያ ሁሉ ቀለምና ጨርቅ እንደገና ይነቀላል። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ሥራው ከየት መጀመር እንዳለበት ለመናገር ነው።

ጅማ ላይ ዝናብ ሐምሌና ነሐሴን አይቶ የሚሄድ እንግዳ አይደለም። መጋቢት ላይ ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይቆያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ለጣሪያው ነው። ሞተር ቢሞት በሌላ ሞተር ይተካል፤ የበሰበሰ አካል ግን የሚቀየርበት ዋጋ መኪናው ከሚያወጣው ይበልጣል።

ማፍሰሱን መፈለግ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ውሃ የሚገባበትና የሚንጠባጠብበት ቦታ አንድ አይደለምና። ከጣሪያው የኋላ ጥግ የገባ ውሃ የብረቱን አጥንት ተከትሎ ተንሸራቶ ሾፌሩ ራስ ላይ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ የጣሪያውን የውስጥ ልባስ አውልቃችሁ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሌላው በጎማ ቱቦ ውጭ ውሃ ያፍስስ። ከታች መጀመር ግዴታ ነው። መጀመሪያ የመስኮቱ የታችኛው ጠርዝ፣ ከዚያ ጎኖቹ፣ ከዚያ የላይኛው ጠርዝ፣ ከዚያ የዝናብ መውረጃው፣ መጨረሻ ላይ ጣሪያው። በእያንዳንዱ ላይ 10 ደቂቃ ያህል ይቆዩ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ወደ ታች እየወረደ ሁሉንም ያርሰዋል፤ የትኛው እንዳፈሰሰ አታውቁም። ውስጥ ያለው ሰው እርጥበት ባየበት ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት ያድርግ። የእንጨት ክፍል ካለው ደግሞ በወስፌ ይወጋ፤ ጤነኛ እንጨት ወስፌውን ይይዘዋል፣ የበሰበሰው እንደ ዳቦ ያስገባዋል።

ቀጥሎ ማሸጉ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን መኪና ላይ አይቀባም። ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ ብረቱን ያዝገዋል፤ ከዚያም በኋላ በላዩ ላይ ቀለምም ሌላ ማሸጊያም አይዝም። አሮጌው ሲሊኮን ካለ እስከ መጨረሻው መፋቅ አለበት። ብረቱን እንዳይጭር በፕላስቲክ መፋቂያ ፍቁት፤ ከዚያ በአልኮል ጥረጉት። በሲሊኮን ላይ የሚደረብ ነገር ሁሉ ከወራት በኋላ እንደ ፕላስተር ይላጣል። ለመገጣጠሚያዎች የሚያስፈልገው ፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ነው፤ ገበያ ላይ ብዙዎች በደፈናው ሲካ ይሉታል። 300 ሚሊ ሊትር የያዘው አንዱ ቱቦ በ6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢሰመር 10 ሜትር ገደማ ያደርሳል። የአንድ ሃይሩፍ (ጣሪያው ከፍ ያለ) ሚኒባስ የጣሪያ ዙሪያ 12 ሜትር አካባቢ ስለሆነ መስኮቶቹን ጨምሮ ሦስት ቱቦ ያዙ። ማሸጊያው የሚደርቀው ከአየር እርጥበት ወስዶ ነው፤ በቀን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይጠነክራል። በዚህ ላይ የጅማ አየር ያግዛል። ብረቱ ራሱ ግን ሲቀባ ደረቅ መሆን አለበት።

የመስኮት ፍሬሞችን ከላይ መቀባት አይበቃም። ይፈቱ፣ ይጽዱ፣ ከሥራቸው ቡቲል የተባለው የማይደርቅ ላስቲክ ቴፕ ይነጠፍ። ብሎኖቹ በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አይጠበቁ፤ ቡቲል ቀስ ብሎ ስለሚጨመቅ በማግስቱ እንደገና ይጠበቃሉ፣ የተረፈውም ያኔ ይቆረጣል። በሮች ሥር ያሉትን ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ደግሞ አትርሱ። የእኛ ቀይ ጭቃ ይደፍናቸዋል፤ በሩ ውስጡ ውሃ ይዞ ከሥር ይበላል። በሽቦ መክፈት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ዝገት ላይ ስቱኮ (የላሜራ መሙያ ልጥፍ) መለጠፍ እንዲቀር እንለምናለን። መኪናው ለሁለት ወር ያምራል። ስቱኮ ግን ውሃ ይመጥጣል፤ ከሥሩ ያለው ዝገት እንደ ልቡ ይቀጥላል፤ ከዚያ አረፋ የመሰለ እብጠት ሆኖ ይወጣል። ትክክለኛው መንገድ የዛገውን ቆርጦ አውጥቶ በ1 ሚሊ ሜትር ላሜራ መበየድ፣ ከውስጥም ከውጭም ኢፖክሲ የመጀመሪያ ቀለም መቀባት፣ ስቱኮውን ለማስተካከል ያህል ብቻ በስሱ ማልበስ ነው። ሥራውን ለሚረከቡ ሰዎች የምንመክረው አንድ ነገር ነው፦ ስቱኮው ከመለጠፉ በፊት ብየዳውን ለማየት ይምጡ። ማግኔት ይያዙ፤ ስቱኮው በወፈረበት ቦታ ማግኔቱ አይዝም።

ጣሪያው ካላፈሰሰ በኋላ ውሃ ከውስጥ ይመጣል። ሁለት ሰው በተዘጋ መኪና ውስጥ ሲያድር በትንፋሽና በላብ እስከ አንድ ሊትር የሚጠጋ እርጥበት ይለቃል። ይህ ቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ይሰበሰባል። ከጣሪያው አንድ፣ ከወለሉ አጠገብ አንድ መተንፈሻ ያስፈልጋል፤ አንዱ ብቻ አየር አያዘዋውርም። በግድግዳው ውስጥ የሚገባው የብርድ መከላከያ፣ ስፖንጅ ወይም የመስታወት ጥጥ ሳይሆን ውሃ የማይመጥጥ ጠንካራ ፎም ይሁን። ፍራሹን ደግሞ ደፈን ባለ ጣውላ ላይ አታንጥፉት፤ ርብራብ ሥሩለት፣ በየእንጨቱ መሃል 4 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተዉለት።

አናጢነቱ ላይ ጅማ አይታማም፤ የበርጩማው አገር ነው። ችግሩ አናጢዎቻችን ለቤት እንደሚሠሩት አድርገው መሥራታቸው ነው። ቤት አይንቀሳቀስም። 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ አንዱ ሙሉ ሉህ ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ የ9 ሚሊ ሜትሩ ግማሹን ነው። ለቁም ሳጥን ግድግዳና በር 9 ይበቃል። ለማዕዘን ዋንዛ ቀላልና ለመላግ የተመቸ ስለሆነ ከዝግባና ከሌላው እናስቀድመዋለን። ቁም ሳጥኑ ከላሜራው ጋር በቪቲ አይታሰር፤ ወልቂጤ ሳይደርስ ቀዳዳው ይሰፋል። ከመኪናው አጥንት ጋር በብሎን፣ በዳዶና በሰፊ ሮንዴላ ይታሰር፤ አካሉ መንገድ ላይ ስለሚጠማዘዝም በእንጨቱና በላሜራው መሃል 10 ሚሊ ሜትር ተውለት። ከባዱ ነገር ሁሉ፣ ማለትም ውሃ፣ ባትሪና ጋዝ፣ ወለሉ ላይ በሁለቱ አክስሎች መካከል ይቀመጥ። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው። ይህን ከኋላ ጎማ ወዲያ ያስቀመጠ ሰው መሪው ለምን እንደቀለለበት ይጠይቀናል።

ሥራው ሲያልቅ መኪናውን በሙሉ ጭነቱ፣ ውሃውን ሞልታችሁ፣ የሚሳፈሩትን አሳፍራችሁ የጭነት ሚዛን ላይ አውጡት። ሁለቱን አክስል ለየብቻ አስመዝኑና በሩ ሥር ወይም ሞተሩ አካባቢ ካለው የፋብሪካ ሳህን ጋር አወዳድሩ። ደግሞም መቀመጫ ነቅሎ አልጋ መትከል ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የመቀመጫ ቁጥር ስለሚነካ ወንበሩ ከመቆረጡ በፊት የሚመለከተውን ቢሮ ይጠይቁ፤ ለቦሎ ሲቀርቡ ከመከራከር ይሻላል።

ፍሬን ላይ ቀልድ የለም። ከጅማ አዲስ አበባ ስትሄዱ የጊቤ ቁልቁለት አለ፤ ከወልቂጤ ስትመለሱም እንዲሁ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውሃ ይስባል። ዶት 4 አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን መፍያው ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ሸራው ሲግል ዘይቱ ይፈላል፣ አረፋ ይሆናል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ መጨመር መቀየር አይደለም። ሃያና ሠላሳ ዓመት የቆዩ የፍሬን ጎማ ቱቦዎች ደግሞ ውጫቸው ደህና መስሎ ውስጣቸው ያብጣል። ዘይቱን በኃይል ያሳልፉታል፣ ለመመለስ ግን ይይዙታል። እግራችሁን ካነሣችሁ በኋላ አንዱ ጎማ የሚግል ከሆነ ከበሮውን ከመፍታት በፊት ቱቦውን ጠርጥሩ። አወራረዱን የድሮ ሾፌሮች ያውቁታል፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ።

ጎማ በጥርሱ ብቻ አይገመትም፤ የመኪና ቤት ቆሞ ስለሚውል ጎማው ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 (በፈረንጆች አቆጣጠር) 23ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ማለት ነው። ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይጣል።

ስለ ሞተር ብዙ አንልም፤ እሱን የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። ታሪኩ የማይታወቅ የቶዮታ ሃይኤስ 2ኤል ናፍታ ሞተር ከተገዛ የታይሚንግ ቺንጋው በዚያው ሳምንት ይቀየር፤ ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። በጅማ ከፍታ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ስለዚህ ግፊት የማይዝ የራዲያተር ክዳን እዚህ ከቆላ ይልቅ ቶሎ ያጋልጣል። ሞቀ ብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ግን በሽታውን መደበቅ ነው። በአየር የሚቀዘቅዘው የኮምቢ 1600 ሞተር 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ነው የሚይዘው፤ የቫልቩ ክፍተት ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ 0.15 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይስተካከላል። ኮምቢን የሚያቃጥለው አሮጌ የቤንዚን ቱቦ ነው። ሁሉንም ቀይሩ፣ ማሰሪያ ክላምፕ አድርጉበት፣ 2 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ሾፌሩ እጅ ሥር አስቀምጡ።

ኤሌክትሪክ ላይ ደግሞ ከሁሉ የሚበዛው ጥያቄ የምጣድ ነው። «ሶላር አስገብተን በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ እንጋግር?» አይሆንም። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ ከ12 ቮልት ባትሪ ወደ 300 አምፔር ይጠይቃል። የ100 አምፔር ሰዓት ተራ (የእርሳስና የአሲድ) ባትሪ ግማሹ ብቻ ነው የሚሠራበት፤ ምጣዱ ሳይግል ባትሪው ያልቃል። እንጀራውን ከቤት ጋግሮ መያዝ ነው። ያው ባትሪ የሚሰጠው 600 ዋት ሰዓት ነው፤ 45 ዋት የምትወስድ ትንሽ ማቀዝቀዣ የቀኑን ግማሽ ብትሠራ 540ውን ትጨርሰዋለች። የ200 ዋት ፓነል በጋ ላይ ይህን ይመልሳል፤ ሐምሌ ላይ ግን ግማሹን ቢያመጣ ነው። ባትሪው ሳይነካ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ 12.2 ቮልት ካሳየ ግማሽ ደርሷል፤ ከዚያ በታች ማውረድ ዕድሜውን ማሳጠር ነው።

ሽቦ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ከሞተሩ ዲናሞ አምስት ሜትር ርቆ ላለ ሁለተኛ ባትሪ 30 አምፔር ለማድረስ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ከተዘረጋ፣ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ ወደ 0.9 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ዲናሞው 14.2 ቢሰጥ ባትሪው 13.3 ይደርሰዋል፤ በዚህ ደግሞ ቶሎ አይሞላም። በ16 ካሬ ሚሊ ሜትር የሚጠፋው 0.3 ብቻ ነው። ብዙ ሰው ባትሪው ተበላሽቷል እያለ አዲስ የሚገዛው ሽቦው ስለቀጠነ ነው። ፊውዙ ከባትሪው በ20 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይሁን፤ ፊውዝ ከባትሪው እስከ እሱ ድረስ ያለውን ሽቦ አይጠብቅም። ማሳው (ወደ መኪናው አካል የሚሄደው የኔጌቲቭ ሽቦ) የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙ ይፋቅ። ሊቲየም ባትሪ የምታስገቡ ደግሞ ከአሮጌ ዲናሞ ጋር በቀጥታ አታገናኙት፤ ያለማቋረጥ ስለሚስብ ዲናሞውን ያቃጥለዋል፣ በመሃል ቻርጀር ያስፈልጋል። ፓነሉንም ጣሪያው ላይ በቪቲ አትብሱት፤ ያን ሁሉ ደክማችሁ የዘጋችሁትን ቀዳዳ መልሳችሁ ልትከፍቱ ነው። እግሩ በማሸጊያ ይጣበቅ፣ ከሥሩም አየር እንዲያልፍ 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

ቡታ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ካፈሰሰ ወለሉ ላይ ይተኛል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ያለበት ሳጥን ከመኝታው ተለይቶ ዝግ ሆኖ፣ ወለሉ ላይ ወደ ውጭ የሚከፈት ቀዳዳ ይኑረው፤ መስኮት ቢከፈት አይወጣም። ቱቦው ላይ የታተመውን ዓመት አንብቡ፣ ያለፈበትን ቀይሩ። መገጣጠሚያው በሳሙና አረፋ ይፈተሽ እንጂ በክብሪት አይሞከር።

ከጋዙም የሚያስፈራን ከሰሉ ነው። ጅማ ሆኖ ቡና ሳይፈላ አይዋልም፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ምድጃውን ወደ ውስጥ ማስገባት ያምራል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ አይታይ፣ ጭስም አይደለም፤ ራስ ያዞራል፣ ያስተኛል፣ ተኝቶ ያለው ሰው አይነቃም። እጣኑ ስለሸተተ አየሩ ደህና ነው ማለት አይደለም። ፍሙ የጠፋ የመሰለ ምድጃም ሌሊቱን ሙሉ ይለቃል። በሩ ላይ የሸራ ዳስ የሚዘረጋበት ሁለት መያዣ አስገጥሙ፤ ጀበናው እዚያ ሥር ይፈላ፣ ምድጃውም እዚያው ይደር።

ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ የምንሠራ መካኒኮች፣ የላሜራ ሠራተኞችና አናጢዎች