ለደንበኞቻችን፦ ያገለገለ የመኪና ጎማ ለጀልባ ተሳቢ መግጠም ለምን እንዳቆምን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ባላችሁበት ይድረሳችሁ። በጥምቀት ሰሞን የጀልባ ተሳቢያችሁን ጎትታችሁ መጥታችሁ ጎማ ሳንገጥምላችሁ የመለስናችሁ አላችሁ። ጣና ዳር ወዳለችው ጎርጎራ የምታወርዱት እንግዳ ይጠብቃችሁ ነበር። ለመጉላላታችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ውሳኔያችን ግን ያው ነው። ያገለገለ የቤት መኪና ጎማ ለጀልባ ተሳቢ አንገጥምም። ራሳችሁ ገዝታችሁ ብታመጡትም አንገጥምም። ምክንያቱን ኮምፕሬሰር እየጮኸ፣ ሰው ተሰልፎ፣ ለእያንዳንዳችሁ ማስረዳት አልቻልንም። ስለዚህ ተቀምጬ ጻፍኩት።

ከተባለው ሁሉ ውስጤ የቀረው «አዲስ ጎማ ለመሸጥ ሰበብ ፈጠሩ» የሚለው ነው። እውነቱን ልንገራችሁ። ካገለገለ ጎማ የምናገኘው ትርፍ ከአዲሱ ይሻል ነበር። አዲስ ጎማ ብዙ ብር ይዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ትርፉም ቀጭን ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደግሞ ጎማ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ፣ ዛሬ በሸጥነው ዋጋ ነገ መልሰን መግዛት የሚያቅተን ጊዜ ብዙ ነው። መንገድ ሲዘጋጋም ዕቃው አዲስ አበባ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ያገለገለውን መተው ለእኛ ኪሳራ ነው። አውቀን ነው የገባንበት።

አሁን ወደ ጎማው ልምጣ።

ብዙዎቻችሁ «ጥርሱ እኮ አዲስ ነው» ትሉናላችሁ። እውነት ነው፣ አዲስ ነው። የጀልባ ተሳቢ ግን እንደ ታክሲ ቀኑን ሙሉ አይሮጥም። አብዛኛውን ዓመት ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ፣ ጀልባውን እንደተሸከመ ይቆማል። ስለዚህ ጎማው የሚሞተው ጥርሱ አልቆ ሳይሆን አርጅቶ ነው። ጎኑን በአውራ ጣታችሁ ገፋ አድርጋችሁ ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) አጠገብ ተመልከቱ። ክረምት ያለፈበት የደንቢያ ዋልካ መሬት እንደሚሰነጠቅ ጎማውም ይሰነጠቃል። መጀመሪያ የፀጉር ያህል ቀጭን መስመር ነው። ያ መስመር ከታየ ጎማው ለተሳቢ አይሆንም።

ዕድሜውን ማወቅ ከባድ አይደለም። ጎማው ጎን ላይ «ዲኦቲ» (DOT) ከሚለው ጽሑፍ በኋላ መጨረሻ ላይ 4 አሃዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበት ሳምንት ናቸው፣ የኋለኞቹ ዓመቱ። ብዙ ጊዜ በአንደኛው ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ወደ ውስጥ ከዞረ ከተሳቢው ሥር ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ደንበኛችን «2617» የሚል ጎማ ይዞ መጣ። «የ2017 ነው፣ የአምና ነው» ብለው ሸጠውለታል። እሱም አምኗል። ዓመቱ ግን የፈረንጅ ነው። 26ኛው ሳምንት ማለት በእኛ ሰኔ 2009 ነው። ከ8 ዓመት ያለፈውን ጎማ በአዲስ ዋጋ ገዛው ማለት ነው። የተሳቢ ጎማ ጥርሱ ምንም ይሁን ምን፣ ከ5 እስከ 6 ዓመት ሲሞላው መቀየር አለበት። እባካችሁ ከማንም ግዙ፣ ግን ቁጥሩን አንብባችሁ ግዙ።

ሁለተኛው ነገር ጭነቱ ነው። የቤት መኪና ጎማ ጎኑ ለስላሳ የሆነው ለተሳፋሪ ምቾት ነው። ተሳቢ ላይ ሲገጠም ያ ልስላሴ መወላወል ይሆናል። በውጭ አገር ለተሳቢ ብቻ የሚሠራ «ኤስቲ» የሚባል ጎማ አለ። እኛ ገበያ ላይ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ የምንመክረው የሚኒባስና የጭነት ጎማውን ነው፤ ከመጠኑ ቀጥሎ «ሲ» (C) የሚል ፊደል አለው።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ብዙ የቤት መኪና የሚያደርገው 195/65 አር 15 ጎማ ላይ 91 የሚል የጭነት ቁጥር ታገኛላችሁ። አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ሁለቱ ጎማ 1,230 ኪሎ። አሁን ጀልባው 650፣ ሞተሩ 110፣ 60 ሊትር ቤንዚን ወደ 45፣ መረብና መልሕቅ ከላይፍ ጃኬቱ ጋር 100፣ ተሳቢው ራሱ 300 ኪሎ ቢሆን 1,205 ይመጣል። 25 ኪሎ ቀረችው። ያውም ጎማው አዲስ ከሆነ፣ ንፋሱም ሙሉ ከሆነ ነው። ከዚያ ስትመለሱ ቆላ ድባ ላይ አንድ ኩንታል ጤፍ ጀልባው ውስጥ ጣል ይደረጋል። ሁላችንም እናደርገዋለን። በ195 አር 15 ሲ ላይ ግን ብዙ ጊዜ 106 የሚል ቁጥር አለ፣ አንዱ ብቻ 950 ኪሎ ይሸከማል። ልዩነቱ ይህ ነው። ተሳቢዎቻችን ደግሞ በአብዛኛው ብየዳ ቤት ከአሮጌ መኪና አክስል የተሠሩ ናቸው። መጀመሪያውኑ ምን ያህል እንዲሸከሙ እንደታሰበ የሚናገር ወረቀት የላቸውም። ከቸርኬው ጋር የሚሄደውን ጎማ መምረጥ የእኛ ሥራ ነው፣ ለዚያ ገንዘብ አንጠይቅም።

ከውሳኔው በፊት በጎርጎራ መንገድ ላይ ጎማ የፈነዳበት ደንበኛ ነበረን። የትኛው ጎማ ቤት እንደገጠመለት መናገር አያስፈልግም፣ እኛ አልነበርንም። ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሹፌሩ መፈንዳቱን እንኳ ወዲያው አላወቀም። ተሳቢ ላይ ሰው ስለሌለ ማንም አይሰማውም፤ ቸርኬው አስፋልቱን እየላገ ሲሄድ ከኋላ የመጣ ባጃጅ ነው ያስቆመው። ጎማውን ሱቅ አመጣልን። ጥርስ ያለው ክፍል ከሥሩ ተልጦ እንደ ቀበቶ ተንጠልጥሏል፣ የሽቦው ክር ወጥቷል። ጥርሱ ላይ ግን ከፋብሪካ የወጣው ትንንሽ የላስቲክ ፀጉር ገና አልረገፈም። ጎማውን ሱቅ ውስጥ ሰቅለነዋል። ስትመጡ እዩት።

«አባትህ ቢኖር እንዲህ አይመልሰንም ነበር» ያሉኝ አሉ። ይህን ቃል ቀለል አድርጌ ማለፍ አልቻልኩም። ይህን ቤት የከፈተው አባቴ ነው። እኔም ካላማዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ውኃ ውስጥ እየነከርኩ ቀዳዳ ስፈልግ ነው ያደግሁት። በእሱ ጊዜ ጣና ላይ በብዛት የነበረው የደንገል ታንኳ ነው፣ ታንኳ ደግሞ ሰው ተሸክሞት ይሄዳል፣ ጎማ አይፈልግም። ወደ መተማ የሚወርዱ የጭነት መኪኖች ግን ነበሩ። ጎኑ የተቀደደ ጎማ «ለጥፍልኝ» ሲሉት አይለጥፍም ነበር። ሹፌር ሲጮህበት፣ ሲሰድበው ዝም ብሎ ሌላ ሥራውን ይቀጥላል። ደንበኛውን ስለናቀ አይደለም። እኔም እናንተን ንቄ አይደለም።

ጥሩ ጎማ ገዝታችሁም ንፋሱን ካልጠበቃችሁ ገንዘባችሁ ይባክናል። ጎማ ንፋሱ ሲያንስ ጎኑ ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ ይግላል፣ ሲግል ይፈነዳል። ንፋስ የሚለካው ጠዋት ጉዞ ሳትጀምሩ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ሙሉ ጭነት ላለው ተሳቢ የሚሞላው ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ያህል ነው፣ የሚኒባሱ ጎማ ላይ ብዙ ጊዜ 65 ፒኤስአይ (የንፋስ መለኪያ) ይላል። «እንደ መኪናው 30 አድርግልኝ» አትበሉ። ጎማው በጉዞ ሲግል ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ያኔ ደንግጣችሁ አታስተንፍሱት። ስኮርታም (ትርፍ ጎማ) ያዙ። ስኮርታውም ያረጃል፣ የእሱንም 4 አሃዝ እዩ። ግቢ ሲቆም ክሪክ አድርጋችሁ ግንድ ላይ አሳርፉት፣ ጎማውን በሸራ ሸፍኑት።

ጎርጎራ እንደደረሳችሁም ወዲያው ውኃ ውስጥ አታስገቡት። ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ግሏል። የጋለ ነገር ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውኃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ግራሶው ነጭ ወተት መስሎ ያገኘነው ስንት ጊዜ ነው! አንድ ቡና እስኪፈላ ጠብቁ። ከዚያ አውርዱ።

አዲስ ጎማ መግዛት ከባድ እንደሆነ አጥተነው አይደለም። የቆያችሁ ደንበኞቻችን ግማሹን ከፍላችሁ ቀሪውን ከሥራችሁ በኋላ እንድታመጡ ተስማምተናል። ከዚህ በላይ ብናደርግ ደስ ባለን፣ አቅማችን ግን እዚህ ድረስ ነው። ከሌላ ቦታ አዲስ የ«ሲ» ጎማ ገዝታችሁ ከመጣችሁም በእጅ ዋጋ ብቻ እንገጥማለን፣ ፊታችንም አይከፋም። ሌላ ጎማ ቤት የሄዳችሁም ተመለሱ፣ አንቀየምም። ከእናንተ ጋር ነው እዚህ የደረስነው።

የዐቢይ ጾም ሲቃረብ የዓሣ ሥራው ይደራል፣ ሁላችሁም በአንድ ሳምንት ትመጣላችሁ። እባካችሁ አሁን፣ ሰው ሳይበዛ፣ ጀልባውን አውርዳችሁ ባዶ ተሳቢውን ይዛችሁ ኑ። የጎማውን ዕድሜ፣ ቸርኬውንና ኩሽኔታውን በነፃ እናይላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጎማ ቤቱ ባለቤት
አዘዞ፣ ጎንደር